ገጠመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

የጣት ስብራት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ስብራት አይቆጠርም። እግር ቢሰበር ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቃሬዛ ይሠራል፣ መኪና ይፈለጋል። ጣት ሲሆን ግን «ወለም ብሎት ነው» ተብሎ በቅቤ ይታሻል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ልጁም በማግስቱ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ይቀንሳል፣ እብጠቱም ይጎድላል። ቤተሰቡም «ዳነ» ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። አጥንቱ በእርግጥ ገጥሟል። ነገር ግን ጎብጦ፣ አጥሮ ወይም ዞሮ ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ልጁ ብዕር መያዝ ሲያቅተው ወይም የመጥረቢያ እጀታ ሲጨብጥ አንዱ ጣት በሌላው ላይ ሲደረብበት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው አምዳችን በአፍላ ዕድሜ ላይ ባሉ ልጆች ጣት ላይ ስለሚደርስ፣ ተጣሞ ስለሚገጥም ስብራትና በቀዶ ሕክምና ስለሚስተካከልበት መንገድ ይመለከታል። ጉዳዩን ከከፋ ዞንና ከዋና ከተማዋ ከቦንጋ አንጻር ማየት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፋ ኑሮው በጣት የሚሠራበት አገር ነው። የቡና ፍሬ በጣት ይለቀማል፤ እንሰት በእጅ ይፋቃል፤ ማር የሚቆረጠው ከፍ ካለ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ ውስጥ እጅን አስገብቶ ነው። ልጆችም በዚህ ሥራ ውስጥ ወላጆቻቸውን ያግዛሉ። በሌላ በኩል ዞኑ ኅዳር 2014 ዓ.ም በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሚገኝ፣ ቦንጋም የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። የትኛው ሕክምና በየት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በአዲሱ ክልል ገና በመልስ ላይ ያለ ነው። እንደ ጣት ያለ «ትንሽ» ጉዳይ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የት እንደሚወድቅ መመልከት የሥርዓቱን ጥንካሬና ክፍተት አብሮ ያሳያል።

ትንሽ አጥንት፣ ብዙ ኃይል

በአንድ እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ። ስምንቱ በእጅ አንጓ፣ አምስቱ በመዳፍ፣ አሥራ አራቱ ደግሞ በጣቶች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። አውራ ጣት ሁለት፣ ሌሎቹ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አጥንት አላቸው። በእነዚህ አጥንቶች ፊትና ጀርባ ጣትን የሚያጥፉና የሚዘረጉ ጅማቶች ያልፋሉ። ጅማቶቹ ሁልጊዜ የተወጠሩ በመሆናቸው አጥንት በሚሰበርበት ጊዜ ሁለቱን ስባሪዎች ወደየአቅጣጫቸው ይጎትቷቸዋል። ስለዚህ በጨርቅ የተጠቀለለ ጣት ከውጭ ቀጥ ያለ ቢመስልም ውስጡ ያለው አጥንት እየተንሸራተተ ሊሄድ ይችላል።

ተጣሞ የሚገጥም ስብራት በአራት መልክ ይታያል። አንደኛው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን መጉበጥ ነው። ሁለተኛው ማጠር ነው። ሦስተኛው የመገጣጠሚያው ገጽ ወጣ ገባ ሆኖ መቅረት ሲሆን ይህ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያውን ያደርቃል፣ ሕመምም ያመጣል። አራተኛውና በቀላሉ የማይታየው መዞር ነው። አጥንቱ በራሱ ዙሪያ ጥቂት ዞሮ ሲገጥም ጣቱ ሲዘረጋ ደህና ይመስላል፤ ሲታጠፍ ግን ከመስመሩ ወጥቶ በጎረቤቱ ላይ ይወጣል። የመዳፍ አጥንት በ5 ዲግሪ ብቻ ቢዞር የጣቱ ጫፍ ወደ 1 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በጎረቤቱ ጣት ላይ ሊደርብ እንደሚችል የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ያስተምራሉ። በዓይን የማይለይ ስህተት በጡጫ ውስጥ ትልቅ እንቅፋት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በጣቱ አጥንት ሥር የአጥንት ማደጊያ ክፍል አለው። በዚህ ክፍል አቅራቢያ የደረሰ ስብራት ጣቱ በሚታጠፍበትና በሚዘረጋበት አቅጣጫ ትንሽ ጎብጦ ቢገጥም ከዕድገት ጋር ራሱን እያቃና ይሄዳል። የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው።

ግማሹ ግን እውነት አይደለም። በመጀመሪያ፣ ዞሮ የገጠመ አጥንት ዕድገት አያቃናውም፤ እንደዞረ ይቀራል። ወደ ጎን የጎበጠውም ቢሆን የመቃናት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከማደጊያው ክፍል ርቆ በአጥንቱ ጫፍ አካባቢ የደረሰ ስብራት የመስተካከል አቅሙ አነስተኛ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ ይህ የማደጊያ ክፍል በአፍላ ወጣትነት ይዘጋል። በሴቶች ልጆች ቀደም ብሎ፣ በወንዶች ደግሞ ጥቂት ዘግይቶ፣ በአብዛኛው ከ14 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ጣት ከአምስት ዓመት ሕፃን ጣት ይልቅ ለአዋቂ ጣት የቀረበ ነው። ችግሩ ይህ ዕድሜ ልጆች በኳስ፣ በመውደቅ፣ በቡጢና በሥራ ጣታቸውን የሚሰብሩበት ዕድሜም መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል። ይህ በረከት የሚሆነው አጥንቱ በቦታው ካለ ነው፤ ከቦታው ወጥቶ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ጠላት ይሆናል። ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ በማደንዘዣ ጎትቶ ያለ ቀዶ ሕክምና መመለስ ይቻል የነበረው ስብራት፣ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ምርጫው እንዳለ መተው ወይም አጥንቱን እንደገና መቁረጥ ይሆናል።

በቤትዎ ሊያዩት የሚችሉት

የልጅዎ ጣት ከተጎዳ በኋላ እብጠቱ ጥቂት ሲቀንስ ሁለቱንም እጆቹን ጎን ለጎን እንዲዘረጋ ያድርጉ። ጥፍሮቹን ከፊት ለፊት ይመልከቱ፤ የአንዱ ጣት ጥፍር ከሌሎቹ በተለየ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ እንደሆነ ያስተውሉ። ቀጥሎ ጣቶቹን በቀስታ እንዲያጥፍ ይንገሩት። በጤናማ እጅ አራቱም ጣቶች ሲታጠፉ ጫፎቻቸው በአውራ ጣት ሥር፣ በእጅ አንጓ አካባቢ ወዳለ አንድ ስፍራ ያመለክታሉ። አንዱ ጣት ከመስመር ወጥቶ በሌላው ላይ ከተደረበ ወይም ክፍተት ፈጥሮ ከራቀ አጥንቱ ዞሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ሙከራ በግድ አያድርጉት፤ ልጁ ካመመው ይተዉትና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ደግሞ በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቆዳው ተከፍቶ ከሆነ፣ ጣቱ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ጫፉን ማጠፍ ወይም መዘርጋት ካቃተው፣ ወይም በመዝጊያ ተቀጥቅጦ ከጥፍሩ ሥር ደም እየመጣ ጥፍሩ ከስሩ ተነስቶ ከሆነ ነው። ይህ የመጨረሻው በልጆች ላይ ከውስጡ ክፍት ስብራት ሊኖረው ስለሚችል፣ ሳይታጠብና ሳይስተካከል ከቀረ ወደ አጥንት የሚገባ ቁስለት ያመጣል።

እስከዚያው ድረስ ቀለበት ካለ ወዲያው ያውልቁ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት፤ እጁን ከልብ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ያድርጉ። በሁለቱ ጣቶች መካከል ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ አስገብተው የተጎዳውን ከጎረቤቱ ጋር በስሱ ማሰር ይችላሉ። አያሹት፤ አይጎትቱት።

ስለ ወጌሻ በግልጽ እንነጋገር

በአገራችን ብዙ አካባቢ አጥንት ሲሰበር የመጀመሪያው ደጃፍ የወጌሻ ነው። ይህን በማውገዝ ብቻ የሚለወጥ ነገር የለም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ዋጋው ይታወቃል፣ በእምነትም ይታያል። ወላጅ ወደ እርሱ የሚሄደው አላዋቂ ስለሆነ ሳይሆን አንድ የሥራ ቀን፣ የመኪና ዋጋና የማያውቀውን ከተማ አስልቶ ነው።

ይሁንና ወጌሻ የማይችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አጥንቱን ማየት ነው፤ ራጅ የለውም። በተለይ የጣት መዞርና የመገጣጠሚያ ስብራት በመዳሰስ አይለዩም። ሁለተኛው የማሰሪያው ጥብቀት ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተጠብቆ የታሰረ እጅ ሲያብጥ ደም አይዘዋወርበትም፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻውም መቆረጥ ይሆናል።

ነገር ግን ከዚሁ ጋር ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ አለ። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ለወጌሻዎች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በእንዲህ ያለ ማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር መቀነሱን አሳይተዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ወጌሻን ከጤና ሥርዓቱ ውጭ አድርጎ ከመክሰስ ይልቅ የትኛውን ጉዳት መንካት እንደሌለበት፣ የትኛውንም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ማስተማር ውጤት ያመጣል። ይህ ለቁርጠት የሠራ መንገድ ለተጣመመ ጣትም የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

ተጣሞ የገጠመን ጣት ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በሐሳቡ ቀላል፣ በአሠራሩ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የጣቱን ራጅ ከፊትና ከጎን ያነሳል፤ ከጤናማው እጅ ጋር ያነጻጽራል፤ የማደጊያው ክፍል ተዘግቶ እንደሆነ ያያል። ከዚያ በማደንዘዣ ውስጥ አጥንቱን በተጣመመበት ስፍራ ወይም በአቅራቢያው በጥንቃቄ ይቆርጠዋል፤ ወደ ትክክለኛ መስመሩ ይመልሰዋል፤ በቀጫጭን ሽቦዎች ወይም በትናንሽ ብረትና ብሎኖች ያጸናዋል። ችግሩ መዞር ብቻ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ጣቱን ሳይነኩ የመዳፉን አጥንት ቆርጦ በማዞር ማስተካከል ይቻላል፤ ይህም በጣቱ ላይ ያሉ ጅማቶች እንዳይጣበቁ ይረዳል። የማደጊያው ክፍል ገና ክፍት ከሆነ ሐኪሙ እርሱን ላለመጉዳት ይጠነቀቃል፤ በአጉል ስፍራ የሚገባ ብሎን ዕድገቱን ሊያዛባው ይችላልና።

ቀዶ ሕክምናው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ነው። ጣት ከእግር የሚለየው በዚህ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይደርቃል። አጥንቱ በደንብ ከጸና እንቅስቃሴው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀመራል፤ ከዚያም ለሳምንታት በየቀኑ በቤት ይቀጥላል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት እንቅስቃሴውን የተወ ልጅ ቀጥ ያለ ግን የማይታጠፍ ጣት ይዞ ሊቀር ይችላል። ለጨባጭ እጅ ደግሞ ቀጥ ብሎ የደረቀ ጣት ጥቂት ጎብጦ ከሚሠራ ጣት የከፋ ነው።

ጉዳቶቹም መታወቅ አለባቸው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ አጥንቱ ለመግጠም ሊዘገይ፣ ጅማት ሊጣበቅና ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የመገጣጠሚያው ገጽ ራሱ ተጎድቶ ከሆነ ውጤቱ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጎበጥ ያለ ጣት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ልጁ ሙሉ ጡጫ የሚጨብጥ፣ ብዕርና መሣሪያ ያለ ችግር የሚይዝ፣ ሕመም የሌለው ከሆነ፣ የቀረው የመልክ ጉዳይ ብቻ ነውና መተው ብልህነት ሊሆን ይችላል። ጣቶቹ የሚደራረቡበት፣ መያዝ የሚያቅተው ወይም መገጣጠሚያው የሚያመው ከሆነ ግን መዘግየት አይጠቅመውም። ለሐኪሙ የሚነሳው ትክክለኛ ጥያቄ «ጣቱ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «እጁ ምን መሥራት አቅቶታል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ ምን ይችላል?» የሚል ነው።

ከቦንጋ ወዴት?

በቦንጋ የገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። አዲስ የደረሰ የጣት ስብራት ራጅ ተነስቶ በወቅቱ ቢታይ አብዛኛው በጀሶና በድጋፍ የሚድን ነው። ተጣሞ የገጠመን ጣት ቆርጦ ማስተካከል ግን የአጥንት ስፔሻሊስት፣ ትናንሽ መሣሪያዎችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የሪፈር ወረቀት ያጽፋል። መንገዱ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይወስዳል፤ ከቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ ነው። የልጆችን የአጥንት ችግር የሚያክመው የኪዩር ኢትዮጵያ ሆስፒታልም በዚያው ይገኛል። ከዴቻ ወይም ከጌሻ ወረዳ ገጠር ለሚነሳ ቤተሰብ ደግሞ ቦንጋ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው።

ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ወረፋውም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰዎች ደህንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ ገልጿል። ሪፖርቱ የአንድን ሆስፒታል አቅም መለኪያ ያደረጋቸው ሦስት ሥራዎች በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምናና የክፍት ስብራት ሕክምና ናቸው። አገራችንም የቀዶ ሕክምና አገልግሎትን ለማሻሻል ባወጣቻቸው ዕቅዶች ሕይወት አድን ሥራዎችን ማስቀደሟ ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ምጥ የጠናባት እናትና በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሲጠብቁት፣ ተጣሞ የገጠመ ጣት ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የቅድሚያ ስሌት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ለጣት የሚበጀው ስልት ወረፋውን ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ወረፋው አለመግባት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የወጪውን ነገርም እናንሳ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ተነስተው በሪፈር ደረጃውን ጠብቀው ይሂዱ፤ ደረጃውን ዘለው ከሄዱ ወጪውን ራስዎ ሊሸፍኑ ይችላሉ። የተላኩበት ተቋም ከመድንዎ ጋር ውል ያለው መሆኑን ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ለመልክ ብቻ የሚደረግ ሕክምና በመድኑ ስለማይሸፈን፣ የሪፈሩ ወረቀት ልጁ ምን መሥራት እንዳቃተው በግልጽ ቢጽፍ ይረዳል። መድኑ የሕክምናን ወጪ እንጂ የመኪናና የማደሪያን እንደማይከፍልም አስቀድመው ያስቡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽቦ ለማስወጣትና ለክትትል መመለስ ስለሚኖር ለአንድ ጉዞ ሳይሆን ለሁለትና ለሦስት ጉዞ ይዘጋጁ።

ምን ይደረግ?

ከክልሉና ከዞኑ ጤና ተቋማት የሚጠበቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በገብያና በቡና ለቀማ ወቅት ወጌሻዎችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አገናኝቶ «ጣት ሲታጠፍ ከተደረበ፣ ጥፍር ሥር ከደማ፣ ከደነዘዘ ላክ» የሚል አጭር መመሪያ ማስተማር ይቻላል። በሆስፒታል ያለ ጠቅላላ ሐኪም የጣት ራጅን ሲጠራጠር ለስፔሻሊስት በስልክ ልኮ በዚያው ዕለት ምክር የሚያገኝበት መስመር ቢዘረጋ፣ የታካሚውን ስም ሸፍኖ፣ ብዙ ቤተሰብን ከከንቱ ጉዞ ያድናል። በትምህርት ቤት ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ የጡጫውን ሙከራ ቢያውቅ፣ ከኳስ ሜዳ የተመለሰ ልጅ በሦስተኛው ቀን ሊለይ ይችላል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ከዚህም ያነሰ ነው። የልጅዎ ጣት ካበጠ፣ ቅርጹ ከተለወጠ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት ራጅ ይነሳ። ወጌሻ ጋ ሄደው ቢሆን እንኳ ይህን ለሐኪሙ ሳይፈሩ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ሊወቅስዎ ሳይሆን የታሰረበትን ቀን ሊያውቅ ነው የሚጠይቀው። ጀሶ ወይም ድጋፍ ከተደረገለት ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ሌላ ራጅ ይነሳ፤ በቦታው የነበረ አጥንት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንሸራተት ይችላልና።

ጊዜው ካለፈና ጣቱ ተጣሞ ከገጠመም ተስፋ አይቁረጡ። ልጁን «ዕድልህ ነው» ብለው አይተዉት፤ ራሳችሁም በእጅ ለማቃናት አትሞክሩ። የተጣመመው ጣት ስንት ነገር እንደሚከለክለው ለአንድ ሳምንት ያስተውሉ፤ በወረቀት ይጻፉት፤ ብዕር፣ ቁልፍ፣ የውኃ ጀሪካን፣ የቡና ቅርንጫፍ። ያንን ዝርዝር ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው አያስፈልገው እንደሆነ ከራጁ እኩል የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።